ወርቅ ቅቡ ወንበርና የሠሪው እጅ

ሰው ከሠራቸው የቤት ዕቃዎች ሁሉ የራሱን አካል የሚመስል እንደ ወንበር ያለ አይገኝም። ወንበር እግር አለው፤ ክንድ አለው፤ ጀርባ አለው። ማንም ሳይቀመጥበት፣ በባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ እንኳ አንድን ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። የአማርኛ ቋንቋም ይህን ጠንቅቆ የተረዳ ነው። የቅኔ መምህሩ «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ማስተማር ጀመረ ማለት ነው። በጥንቱ የፍርድ ሥርዓት ዳኛው ራሱ «ወንበር» ይባል ነበር። ስብሰባ የሚመራው ሊቀ መንበር ነው። መቀመጫና ተቀማጭ አንድ እስኪሆኑ ድረስ ስሙ ከዕቃው ወደ ሥልጣኑ ተሻግሯል። ይሁን እንጂ በነዚህ አነጋገሮች ሁሉ ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። እርሱም ወንበሩን የሠራው አናጢ ነው።

የዚህን የጎደለ ሰው ነገር ለመመርመር ከፈረንሳይ ወርቅ ቅብ ወንበሮች የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል። በተለይም በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በፓሪስ የተሠሩት፣ የ18ኛውን ክፍለ ዘመን የቤተ መንግሥት ስልት መልሰው ያስነሡት ወንበሮች ሊጤኑ ይገባቸዋል። መደገፊያቸው የእንቁላል ቅርጽ አለው። እግሮቻቸው ቀጥ ብለው ወደ ታች እየቀጠኑ ይወርዳሉ፤ ዙሪያቸውንም ቦይ ቦይ ወጥቶላቸዋል። በመደገፊያው አናት ላይ በጥብጣብ የታሰረ የአበባ ጉንጉን ተቀርጿል። እንጨቱም ከላይ እስከ ታች ወርቅ ለብሷል። እነዚህ ወንበሮች የሉዊ 16ኛ ስልት ናቸው ይባላል፤ ነገር ግን በተሠሩበት ጊዜ ሉዊ 16ኛ አንገቱን ከተቀላ፣ ከጃንዋሪ 1793 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ስድሳና ሰባ ዓመት ሆኖት ነበር። ታዲያ የሞተ ንጉሥ ስም የተሸከመ፣ በሌላ ዘመን የተሠራ፣ እንጨትነቱን በወርቅ የሸፈነ ወንበር እውነት ነው ወይስ ሐሰት? ሐሰት ከሆነስ የሚዋሸው ስለ ምንድን ነው?

ነገሩን ከአሠራሩ መጀመር ይሻላል። እንዲህ ያለ ወንበር በአንድ ሰው እጅ አይፈጸምም። አናጢው ቢች ወይም ዋልነት ከሚባሉት የአውሮጳ ዛፎች አጥንቱን ያዋቅራል። ቀራጩ በመሮ ቅጠሉንና ጥብጣቡን ይፈለፍላል። ቀጥሎ ወርቅ ቀቢው ይረከበዋል። ወርቅ ቀቢው ወርቁን እንጨቱ ላይ በቀጥታ አያሳርፍም። አስቀድሞ የጠመኔ ዱቄት ከቆዳ ተቀቅሎ በወጣ ሙጫ ለውሶ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረበ ደጋግሞ ይቀባዋል። በዚህ ልባስ የተደፈነውን ቅርጽ በቀጭን ብረት እየፋቀ እንደገና ያወጣዋል። በላዩ ላይ እንደ ቅቤ የላመ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀባል። ወርቁ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ተቀጥቅጦ ተቀጥቅጦ ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህኛ እጅ ያህል የሳሳ ቅጠል ሆኗል፤ አንድ ግራሙ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። በጣት ቢነኩት ይበጣጠሳል፤ ትንፋሽ ያበረዋል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሽኮኮ ፀጉር የተሠራውን ብሩሽ በጉንጩ ላይ ዳበስ ያደርግና በገዛ ፊቱ ወዝ ቅጠሉን ያነሣዋል፤ በውሃ በራሰው ቀይ አፈር ላይ ያሳርፈዋል፤ ሲደርቅም ኦጌት በሚባል ልሙጥ ድንጋይ እያሸ ያበራዋል። በመጨረሻ ጨርቅ አልባሹ መቀመጫውን በፈረስ ጋማ ሞልቶ ሐር ያለብሰዋል። «ወዝ አደር» የሚለው ቃል ለዚህ ወርቅ ቀቢ በምሳሌነት ሳይሆን በጥሬ ትርጉሙ ይስማማዋል። ወርቁ ከእንጨቱ ጋር የተገናኘው በሰው ወዝ ነው።

በአማርኛ ቅኔ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከውስጥ ነው። ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንዲያወጣ ይጠበቅበታል፤ የቅኔ ክብሩም ሰሚውን እንደዚህ ማሠራቱ ነው። ወርቅ ቅቡ ወንበር የዚህ ግልባጭ ነው። ወርቁ ከላይ ነው፤ ዓይንን አጥግቦ ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለውን ለመፈለግ አይጋብዝም። ከሥሩ ያለው ግን እንጨትና አፈር፣ ሙጫና የብዙ ሰዎች የሥራ ቀን ነው።

ስያሜውም ይህንኑ ሽፋን ያጠናክራል። የፈረንሳይ የወንበር ስልቶች ሉዊ 14ኛ፣ ሉዊ 15ኛ፣ ሉዊ 16ኛ እየተባሉ በነገሥታት ስም ይጠራሉ። ሉዊ 16ኛ የቁልፍ ሥራ ይወድ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በስሙ የሚጠሩትን ወንበሮች የሠሩት ግን ሌሎች ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፓሪስ አናጢዎች ማኅበር ደንብ እያንዳንዱ ዋና ባለሙያ ስሙን በብረት ማኅተም በሥራው ላይ እንዲመታ ያዝ ነበር። ነገር ግን ማኅተሙ የሚመታው ከመቀመጫው በታች፣ ከማይታየው እንጨት ላይ ነው። የንጉሡ ስም ከላይ፣ የሠሪው ስም ከታች ሆነ።

ከነዚህ ሠሪዎች አንዱ ዦርዥ ዣኮብ ነው። በ1739 በቡርጎኝ አገር ተወልዶ በ1765 በፓሪስ የዋና ባለሙያነትን ማዕረግ አገኘ። በ1787 በቬርሳይ ግቢ ውስጥ ለሚገኘው ለፔቲ ትሪያኖን፣ ለንግሥት ማሪ አንቷኔት፣ የስንዴ ዛላ የተቀረጸባቸውን ወንበሮች ሠራ። ቀራጮቹ ትሪኬና ሮድ፣ ቀቢው ሻዮ ነበሩ። ወንበሮቹ በወርቅ ፈንታ የዛላውንና የአበባውን የተፈጥሮ ቀለም የለበሱ ናቸው። ንግሥቲቱ የእንጨት ስንዴ ተደግፋ በተቀመጠች በሁለተኛው ዓመት፣ በኦክቶበር 1789፣ የፓሪስ ሴቶች ዳቦ አጥተው በእግራቸው ወደ ቬርሳይ ተጓዙ። የብዙ ሰዎች እጅ ያረፈበት ያ ሥራ ግን እስከ ዛሬ የሚታወቀው በንግሥቲቱ ስም ነው።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ዕቃ በሐራጅ ተሸጠ። ሽያጩ በኦገስት 25 ቀን 1793 ተጀምሮ እስከ ኦገስት 11 ቀን 1794 ዘለቀ፤ 17,182 የዕቃ ምድቦችም ቀረቡ። ለአንድ ቤተ መንግሥት የተሰበሰበው ሀብት ለመበተን አንድ ዓመት ያህል መፍጀቱ ራሱ ብዙ ይናገራል። ዣኮብ ግን አብሮ አልተበተነም። ለንግሥቲቱ የሠራው ያው ሰው ለአብዮታዊው የኮንቬንሲዮን ጉባዔ መቀመጫዎችን ሠራ። ያዘዘው ተለወጠ፤ እጁ አልተለወጠም። ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የገዢው መደብ በእጁ የሚያስገባው የሙያውን ውጤት ነው፤ ሙያው ራሱ ከሠሪው ጋር ይኖራል፤ ጌታ ሲወድቅም አብሮ አይወድቅም።

ሐራጅ አንድ መንገድ ነው፤ እሳት ሌላው መንገድ ነው። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1848 የፓሪስ ሕዝብ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ከሥልጣን ባስወገደበት ዕለት ወደ ቱይልሪ ቤተ መንግሥት ገባ። ሰዎች በተራ በተራ እየወጡ በዙፋኑ ላይ ተቀመጡበት። ከዚያም ዙፋኑን ተሸክመው፣ ከተማውን አቋርጠው ወደ ባስቲይ አደባባይ ወሰዱት፤ በዚያም አቃጠሉት። ከአደባባዩ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ሠፈር ፋቡር ሴንት አንትዋን ይባላል። ከጥንት ጀምሮ የአናጢዎች፣ የቀራጮችና የወርቅ ቀቢዎች ሠፈር ነው። ስለዚህ ዙፋኑ የተቃጠለው በወንበር ሠሪዎች ደጃፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ድርጊት ሁለት ነገር የያዘ ነው። ሰዎቹ በዙፋኑ ላይ ሲቀመጡ ተሸክሞት የኖረው ቅድስና ከእንጨትና ከጨርቅ የማያልፍ መሆኑን በገዛ ገላቸው አረጋገጡ። ይህ እውቀት ነው። ሲያቃጥሉት ደግሞ ዕቃው ሲጠፋ ሥርዓቱም አብሮ ይጠፋል ብለው ተስፋ አደረጉ። ተስፋው ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት በጁን ወር፣ ለሥራ አጦች የተቋቋሙት ብሔራዊ የሥራ ጣቢያዎች እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ፣ የፓሪስ ሠራተኛ እንደገና ተነሣ። በጁን 26 ቀን የመጨረሻው የጎዳና ምሽግ የወደቀው በዚያው በፋቡር ሴንት አንትዋን ነበር። በ1852 በፈረንሳይ እንደገና ንጉሠ ነገሥት ነገሠ። ዙፋን ማቃጠል የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የዙፋንን ምኞት ከሰው ልብ ማውጣት ግን እሳት የማይደርስበት ሌላ ሥራ ነው።

ወርቅ ቅቡ ወንበር ዳግመኛ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። የናፖሊዮን 3ኛ ባለቤት እቴጌ ኦዤኒ ለማሪ አንቷኔት ልዩ ፍቅር ነበራት። በ1854 ሠዓሊው ዊንተርሃልተር በ18ኛው ክፍለ ዘመን አለባበስ ሣላት። በ1867፣ በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን በተከፈተበት ዓመት፣ የተገደለችው ንግሥት ዕቃዎች በፔቲ ትሪያኖን ተሰብስበው ለተመልካች እንዲቀርቡ አደረገች። ከእርሷ ምርጫ ጋር የተስፋፋው የወንበር ስልትም «ሉዊ 16ኛ-እቴጌ» የሚል ስም አተረፈ። በ1847 የዣኮብን ቤተሰብ ድርጅት የገዛው የዣንሴልም ቤት ለአዲሱ ቤተ መንግሥት ወንበር ከሚያቀርቡት አንዱ ሆነ። አያቱ ለተገደለችው ንግሥት የሠራውን ስልት ወራሹ ላልተገደለችው እቴጌ ሠራ እንደ ማለት ነው።

መልኩ አንድ ይሁን እንጂ አካሉ ተለውጦ ነበር። በፈረስ ጋማ ብቻ ይሞላ የነበረው መቀመጫ አሁን የብረት ሞላ ገባበት። ብዙ ጊዜም ቅጠሉና አበባው በመሮ መፈልፈሉ ቀርቶ በቅርጽ ማውጫ ታትሞ ይለጠፍ ጀመር። ርካሹ ዓይነት በወርቅ ፈንታ የነሐስ ቅጠል ለበሰ። ገዢውም ተለውጦ ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ የነዚህ ወንበሮች ደንበኛ ባለ ባንኩ፣ የባቡር ሐዲድ ባለ አክሲዮኑ፣ የፋብሪካው ጌታ ነው። ይህ ከበርቴ ኃይሉን ያገኘው ከእንፋሎትና ከወለድ ነው፤ መቀመጫው ላይ ግን የእንፋሎትም የወለድም ምልክት አይታይም። የሚታየው የአበባ ጉንጉን ነው። አባቶቹ ያወረዱትን መስፍን መቀመጫ አሠርቶ ተቀመጠበት። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው የአበው ብሂል እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። የተዋሰው ወርቁን አይደለም፤ ወርቁን በገንዘቡ ገዝቶታል። የተዋሰው የጥንትነትን ግርማ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ አስመስሎ መሥራት ሁሉ ሐሰት ነው የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል። እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መልክ መውለድ አለበት፤ የአያቱን ልብስ ለብሶ የሚዞር ዘመን የራሱን ገላ የሚያፍርበት ነው ይባል ይሆናል። ክርክሩ ብርቱ ቢሆንም ከልኩ ያልፋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ላይ ሲሥል ከመምህሩ የተቀበለውን መልክ ይከተላል፤ መምህሩም ከመምህሩ ተቀብሎታል። አስመሳይ የሚለው ማንም የለም። በመልኩ ውስጥ የራሱን እጅ ያኖራል፤ ሥዕሉም የእርሱ ዘመን ሥራ መሆኑን አይክድም። የወንበሩም ነገር እንዲሁ ነው። የጠመኔው ልባስ፣ የቀዩ አፈርና የወርቁ ቅጠል ሙያ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እስከ ዛሬ የደረሰው ያ የተነሣ ስልት ሥራ ስለሰጠው ጭምር ነው። እቴጌይቱ ያለፈውን ናፈቀች፤ በናፍቆቷ ሥር ግን የፋቡር ሴንት አንትዋን ተማሪ ሙያ ለመደ።

በአንጻሩ አዲስ መልክ መውለድ ብቻውን እውነትን አያረጋግጥም። በዚያው በ1867 የፓሪስ ኤግዚቢሽን የኦስትሪያው የቶኔት ድርጅት በእንፋሎት ከተለመጠ ቢች ለሠራው ወንበር የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ወንበሩ 6 እንጨት፣ 10 ብሎንና 2 ዳዶ ብቻ ነው። ተፈታትቶ ሲታሸግ 36 ወንበር በአንድ ሜትር ኩብ ሳጥን ይገባል። እንጨቱ እንጨት ነኝ ይላል፤ ዋጋው ለቡና ቤት የሚስማማ ነው፤ የንጉሥ ስም አልተሸከመም። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ የተተከሉት የቢች ደን ከርካሽ ጉልበት ጋር በሚገኝበት በሞራቪያ ነበር፤ ያንን እንጨት የለመጠውም ሠራተኛ ስሙ በወንበሩ ላይ የለም። ያልተሸለመ መልክ የሠሪውን እጅ በወርቅ አልሸፈነውም፤ ግን ደግሞ አላሳየውም። እንግዲህ ሐሰቱ የሚገኘው በጌጡ ብዛት ወይም ማነስ አይደለም።

ሐሰቱ የት እንደሚገኝ በዘመናችን የተፈጸመ አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት የቬርሳይ ቤተ መንግሥት በሐራጅ የተበተኑ ዕቃዎቹን እየፈለገ በብዙ ገንዘብ ይገዛ ነበር። ከተገዙት መካከል ጥቂት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ወንበሮች የተባሉት አዲስ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ሠሪዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ስለ ዘመኑ ወንበሮች በመጻፍ የታወቀ ሊቅ፣ ሌላው የፋቡር ሴንት አንትዋን ሠፈር የተከበረ ቀራጭ። እንዲያውም በ2013 የፈረንሳይ መንግሥት «ብሔራዊ ሀብት» ብሎ የሰየማቸው ሁለት ወንበሮች ከእጃቸው የወጡ ነበሩ። ቀደም ብሎ ጥርጣሬውን ያሰማ ነጋዴ ቢኖርም፣ ነገሩ በ2016 የፈነዳው አጠራጣሪ የገንዘብ እንቅስቃሴ ሲመረመር ነው። በጁን 2025 በፖንትዋዝ ከተማ ያስቻለው ፍርድ ቤት ሁለቱን ጥፋተኞች ብሎ የእሥራትና የገንዘብ ቅጣት በየነባቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው። በእቴጌይቱ ዘመን የተሠራው ወንበርና ይህ ወንበር ሁለቱም የአንድ መልክ ልጆች ናቸው። አንደኛው ግን ከሱቅ ሲሸጥ የተሠራበትን ዓመት አልደበቀም፤ ገዢውም አዲስ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሁለተኛው ዓመቱን ደበቀ፤ አዲሱን እንጨት አስረጀ፤ ያልኖረውን ዕድሜ ኖርሁ አለ። ሐሰት በመልኩ ውስጥ የለም፤ መልኩ ስለ ራሱ በሚሰጠው ምስክርነት ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ይከብዳል። ያ ቀራጭ ወንበሮቹን በራሱ ስም ቢሸጣቸው ኖሮ የተከፈለበት ዋጋ ከፊሉ እንኳ ባልተገኘ ነበር። እንጨቱ ያው፣ ወርቁ ያው፣ ቅርጹ ያው፣ እጁ ያው ሆኖ ሳለ ዋጋው የሚወርደው ለምንድን ነው? በወንበሩ ላይ ተቀምጣለች የተባለችው ወይዘሮ ስትወጣ ዋጋው አብሯት ስለሚወጣ ነው። የሊቃውንትን ዓይን ያጠገበ ሥራ፣ የተቀማጭ ስም ሲነሣለት ተራ ዕቃ ይሆናል። ይህ በሁለቱ ሰዎች ላይ ብቻ ሳይሆን በገዢው፣ በሐራጅ አዳራሹና በተመልካቹም ላይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ከነገሥታት መውደቅ ሁለት መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ዋጋ የሚከፈለው ለተቀመጠው እንጂ ለሠራው አይደለም።

ቢሆንም ይህ የቀራጩን ጥፋት አያነሣለትም። የዣኮብን ዘመን ሠራተኛ ስም ከወንበሩ በታች ያኖረው ሥርዓቱ ነው፤ የዚህን ቀራጭ ስም ግን ጨርሶ የፋቀው ራሱ ነው። ሥራው ከቀደሙት ጋር መወዳደር እንደሚችል የሚያረጋግጥለትን ማስረጃ በገዛ እጁ አጠፋ። ሐሰተኛ ወንበር ከገዢው ገንዘብ በፊት የሚሰርቀው የሠሪውን ስም ነው።

ታዲያ ከወደቁ ነገሥታት የቀረ ወርቅ ቅብ ወንበር ምን ይደረግ? ሐራጁ በተነው፤ እሳቱ አመድ አደረገው፤ ከበርቴው አስመሰለው፤ አታላዩ ሸጠው። የቀረው አንድ መንገድ አለ። እርሱም የወንበር አዋቂዎች ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነው። አንድ ጥንታዊ ወንበር ሲቀርብላቸው አይቀመጡበትም፤ ወርቁንም ብዙ አያዩም። ይገለብጡታል። ከመቀመጫው ሥር፣ ወርቁ በማይደርስበት ቦታ፣ እንጨቱ ራቁቱን ነው። የመጋዙ ፈለግ በዚያ ይታያል፤ ቀጥ ያለ ከሆነ የእጅ፣ ቅስት ከሆነ የክብ መጋዝ ነው። የመሮው ጫፍ የሳተበት፣ ሙጫው የፈሰሰበት፣ እንጨቱ በዘመናት የጠቆረበት በዚያ ነው። ማኅተምም ካለ የሚገኘው በዚያ ነው።

በየሙዚየሙ እነዚህ ወንበሮች በገመድ ታጥረው፣ ፊታቸውን ለተመልካች ሰጥተው ይቆማሉ። ከአጠገባቸው በቆመው ጽሑፍ ላይ በመጀመሪያ የሚነበበው የንጉሡ ወይም የንግሥቲቱ ስም ነው። ከወንበሮቹ አንዱ ተገልብጦ ቢቀመጥ፣ በጽሑፉም ላይ በመጀመሪያ የአናጢው፣ የቀራጩና የወርቅ ቀቢው ስም ቢሰፍር፣ ከውበቱ አንዳች አይቀነስም። ተመልካቹ ያንን ወርቅ ያነሣው ጉንጭ የማን እንደነበረ ይጠይቃል፤ ወንበሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሠሪው ይመሰክራል።